መዝጊያውን የወሰደው ሰው

መጋቢት አሥራ አንድ ቀን ወንድሜ አንድ መዝጊያ ጀምሮ ሳይጨርስ ሞተ። መዝጊያው አሁንም በዩኒቨርሲቲው የእንጨት ሥራ ክፍል፣ እሱ እንዳስተኛው ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል። አንድ ገጹ ተልጓል፤ ሌላው አሮጌ ቀለሙን እንደያዘ ነው። ከግርጌው ለአየር ማስገቢያ የተቆረጠ ቀዳዳ አለው፤ ወንፊቱ ግን አልተገጠመለትም።

እኔ የዚያው ዩኒቨርሲቲ መዝገብ ቤት ኃላፊ ነኝ። ያላረጋገጥኩትን አልጽፍም፤ ስለ ወንድሜም ስጽፍ እንደዚያው አደርጋለሁ። ለቅሶ ላይ “ያ ሽታ ነው የገደለው” ያሉ ነበሩ። ሐኪሙ ግን ልቡ ነው ብሏል። እኔም ልቡ ነው እላለሁ።

ወንድሜ ከልጅነቱ ጀምሮ አናጺ ነበር። እናታችን “ይህ ልጅ የተጋባው ከእንጨት ጋር ነው” ስትል፣ ሚስቱ “እኔ ውሽማው ነኝ” እያለች ታስቃት ነበር። ብዙ ነገር ይታገሣል፤ በርና መዝጊያ የሚያምታታ ሰው ግን አይታገሥም። “በር ማለት ክፍቱ ነው” ይላል። “እሱን ግንበኛው ትቶት ሄዷል። የእኔ ሥራ መዝጊያው ነው።” እኛ ቤት “በሩን ዝጋው” ያለ ሰው ይህን ትምህርት ሳይሰማ አይቀመጥም።

ከባዮሎጂ ሕንፃ ሥር ባለው ዕቃ ቤት የእንስሳት ናሙና የሚነከርበት፣ ሽታው ዓይን የሚያቃጥል የፎርማሊን በርሜሎች ለዓመታት ተከማችተው ነበር። በላያቸው ያለው የመማሪያ ክፍል መስኮቶች፣ ሌባ ከገባባቸው ወዲህ እንዳይከፈቱ በሚስማር ተመትተው ነበር። አንድ ቀን የጽዳት ሠራተኛዋ እዚያው ወለል ላይ ራሷን ስታ ወደቀች። የኬሚስትሪ መምህሯ መለኪያ ይዛ ገባች፤ አየሩ ሰው የሚቀመጥበት እንዳልሆነ አረጋግጣ ለአስተዳደሩ አመለከተች። የችግሩን ምንነት ያወቀችው እሷ ናት። ወንድሜ እሷን አመነ፤ ሌላው ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።

የሕንፃ አስተዳዳሪው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፍል አጥሮት ነበር። አዲሶቹ ተማሪዎች ሰኞ ይገባሉ፤ ትምህርት ይጀመርና እናየዋለን አለ። በደንባችን የማይቆለፍ ክፍል ለትምህርት አይሰጥም፤ ዕቃ እንዳይሰረቅ ነው። የዚያ ክፍል ቁልፍ ደግሞ ተሰብሮ ስለነበር፣ እንዲጠግነው ወንድሜን ላከው።

ወንድሜ ገባ፤ ዓይኑ እያነባ ወጣ። መሣሪያውን ከፈተና መዝጊያውን ከመቃኑ ነቅሎ፣ ተሸክሞ፣ ሰው ሁሉ እያየው ግቢውን አቋርጦ ወደ ሥራ ክፍሉ ወሰደው።

አስተዳዳሪው ሲመጣ ምሳ ላደርስለት ሄጄ እዚያው ነበርኩ።

“ጋሼ፣ ሰኞ ተማሪ ይገባል። በሩን ዝጉልኝ እንጂ” አለው።

“በምን ልዝጋው? መዝጊያው እኮ እዚህ ነው።”

“ይመልሱታ!”

“ታሟል፤ አላየኸውም? አስተኝቼዋለሁ።”

አስተዳዳሪው ሊስቅ ምንም አልቀረውም፤ ግን ዋጠው። የታዘዙት ቁልፍ ነው፣ ይህ የሥራ እምቢተኝነት ነው፣ በዲሲፕሊን ያስጠይቃል አለ። ወንድሜ መላጊያውን አስቀመጠ።

“ልጄ፣ እዚያ ክፍል ገብተህ፣ ቁጭ ብለህ አንድ ሻይ ጠጣ። ጨርሰህ ከወጣህ በጀርባዬ ተሸክሜ እመልሰዋለሁ።”

አስተዳዳሪው ፊቱን አዙሮ ሄደ። እኔ ግን ፈራሁ። ወንድምጋሼ፣ እባክህ መልሰው፤ ለራስህ እወቅበት፤ ጡረታህ እኮ ደጅ ላይ ደርሷል ብዬ ለመንኩት።

“ደጅ ላይ ከደረሰ ይግባ” አለኝ። “መዝጊያ የለበትም።”

ሰኞ ክፍሉ ሊሰጥ አልቻለም። ተማሪዎቹ በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ተጨናንቀው ተማሩ። የግቢው ሰው ሁሉ ያ ክፍል ለምን አፉን ከፍቶ ቀረ እያለ ሲጠይቅ፣ መልሱ ያለው የመምህሯ ማመልከቻ ላይ ብቻ ስለነበር የበላይ ኃላፊዎቹ አስቀርበው አነበቡት። በርሜሎቹ ተጭነው ወጡ። የመስኮቶቹን ሚስማር የነቀለው ራሱ ወንድሜ ነው። ተማሪዎቹም “ደጃዝማች” የሚል ስም አወጡለት፤ ደጁን ያዘመተ ለማለት ነው። ሲጠሩት ኮስተር ብሎ እጁን ያነሳላቸዋል፤ ቤት ገብቶ ግን ለሚስቱ ይነግራታል።

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤውም አልቀረለትም። በእኔ በኩል ስላለፈ ወጪ መዝገብ ላይ አስፍሬ በእጄ ሰጠሁት። “ወፍራም ወረቀት ነው” አለና የኮላ ጣሳው ሥር አነጠፈው። ቅጂው መዝገብ ቤት፣ ማኅደሩ ውስጥ ነው። ከማኅደሩ ሁሉ የምኮራበት ወረቀት እሱ ነው።

መዝጊያውን እንዲሁ ሊመልሰው አልፈለገም። ክፍሉ ተቆልፎም እንዲተነፍስ ብሎ ከግርጌው የአየር ማስገቢያ ይቆርጥለት ጀመር። ባለፈ ባገደመ ቁጥር አስተዳዳሪው ራሱ “በሽተኛው እንዴት ነው?” ይለው ነበር። “እያገገመ ነው” ይላል ወንድሜ።

በዚያ በመጋቢት አሥራ አንድ ቀን፣ ማታውን ሊሞት፣ ከሥራ ሰዓት በኋላ የሕንፃ ዕቃ መሸጫ ሄዶ፣ ለመዝጊያው አዲስ ማጠፊያዎች ገዛ። ሲመለስ የሥራ ክፍሉ ተቆልፎ ስለነበር ወደ እኔ ቢሮ መጣና በጋዜጣ የተጠቀለለውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው።

“ነገ እወስደዋለሁ። ወረቀትሽን እንዳያቆሽሽብሽ ብቻ።”

አዲስ ብረት ምን ያቆሽሻል ብዬ ጋዜጣውን ገለጥ አደረግሁት። እንዳይጮኹ ዘይት አጠጥቷቸው ነበር።