መጥረቢያ ያልነካውን ሰው ጅብ ያደንንበት ቅዳሜ

ባለ በሌለ ኃይላችሁ መታችሁ፣ የተመታው ግን ዘወር ብሎ እንኳ ሳያያችሁ ቀርቶ ያውቃል? እኔ ገጥሞኛል። እናንተ ዘንድሮ የጨዋታ ክበባችን አዲስ አባላት ስለሆናችሁ፣ በየገጹ ቁጥር ያለበትን መጣያ፣ ዳይሱን፣ ከመጨበጣችሁ በፊት ይህን አደን ልንገራችሁ።

ወሩ ኅዳር ነበር፤ ቡናው ቀልቶ የይርጋጨፌ መንገድ በጭነት መኪና የሚጨናነቅበት ጊዜ። የምንጫወተው ቅዳሜ ከሰዓት፣ እዚሁ ዲላ ከከድር የጨርቅ ሱቅ ጀርባ ባለችው ክፍል ነው። አራት ነን፤ ባለሱቁ ከድር፣ ዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ የምትሠራው ሩት፣ የሒሳብ መምህሩ እኔ፣ እና ከባንኮ ጎቲቲ ቡና ማጠቢያ በሚኒባስ የሚመጣው ዘሪሁን። ዘሪሁን ተራኪያችን ነው። አገሩንና አውሬውን እሱ ይተርካል፤ እኛ እያንዳንዳችን አንድ ሰው ሆነን እንጫወታለን፤ የሚሳካውንና የማይሳካውን ዳይስ ይወስናል። የሩት ሰው ሎሚ የምትባል ዱካ አንባቢ ናት፣ ሁለት ዓመት አብራን ኖራለች። የጠረጴዛችን ሕግ ደግሞ ጥብቅ ነው፤ ሰውህ ከሞተ፣ ታሪኩ የተጻፈበትን ወረቀት በገዛ እጅህ ትቀደዋለህ።

የዚያን ቀን የምናድነው ሰው ጅብ ነበር፤ ሲፈልግ ሰው፣ ሲርበው ጅብ። ዝግጅቱን የመራሁት እኔ ነኝ፣ የተሳሳትኩትም እዚያው ላይ ነው። የመንደሩ አንጥረኛ አንድ ነገር ብቻ እንደሚሠራልን ነገረን፤ ወይ በእጃችን ባለው አንድ ላይ ጫፉ ከብር የሆነ ሁለተኛ ፍላጻ፣ ወይ ትልቅ መጥረቢያ። እኔ የሁለቱን አማካይ ጉዳት አሰላሁ። መጥረቢያው በእጥፍ በለጠ። «ሒሳቡ ይኸው፤ ምን ይጠየቃል?» አልኳቸው። አመኑኝ። ባለ ብር ጫፍ ፍላጻ አንድ ብቻ ይዘን ወጣን።

ዱካውን እንሰቱ መሀል ያገኘችው ሎሚ ናት፤ እርጥብ አፈር ላይ አራት ጣት፣ ጥፍሩ ከፊት ወጣ ያለ። አጥሩን ከተሻገረ በኋላ ዱካው የባዶ እግር ሰው ሆነ። ጭጋጉ ወርዷል። ገደሉ አፋፍ ላይ ስንደርስ ጅብ ሆኖ ከኋላችን መጣ። ፍላጻዬን ለቀቅኩ፤ ትከሻው ላይ ተሰክቶ አደማው። ግን አልወደቀም። ሎሚን ጥሎ ደረቷ ላይ ቆመ። የቀራት የሕይወት ነጥብ አራት ነው፤ አንድ ንክሻ ይጨርሳታል።

ከድር መጥረቢያውን ሰነዘረ። ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ ሃያ ላይ ቆመ፤ ከዚያ የሚበልጥ ምት የለም። ጉዳቱ ሲደመር ሃያ ስድስት መጣ።

«ዜሮ» አለ ዘሪሁን።

«እንዴ ዘሬ፣ ግማሹ እንኳ?»

«ግማሽ የሚጎዳው ባለፈው የገደላችሁት የድንጋይ አውሬ ነው፤ እሱ ይቋቋማል። ይሄኛውን ጭራሽ አይነካውም። መጥረቢያህ ገባ፣ ስታወጣው ቁስል የለም።»

«መምህር፣ ሒሳብህን ጅብ በላው» አለኝ ከድር። ሩት አልሳቀችም፤ ወረቀቷን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች።

ተራው የእኔ ሆነ። በእጄ ያለው ተራ ጦር ነው፤ ስንትም ቢመታ ውጤቱ ዜሮ። ማስላቱን ተውኩና ጠየቅኩ፤ «የማይነካው ምንድን ነው? ሕጉን አንብብልኝ።»

ሕጉ እንዲህ ይላል፤ ከብር ባልሆነ፣ አስማትም በሌለው መሣሪያ የሚሰነዘር ጥቃት አይጎዳውም።

«እሳትስ?»

«እሳት አልተጠቀሰም፣ ያቃጥለዋል። ግን በዚህ እርጥበት እሳት ከየት ልታመጣ?»

«ገደልስ? ገደል መሣሪያ ነው?»

ዘሪሁን ገጹን ደግሞ አነበበው። «አይደለም» አለ በመጨረሻ። «ገደልን የሚሰነዝረው የለም። ከወደቀ ይጎዳል። ገፍተህ ካልጣልከው ግን ቀጣዩ ተራ የእሱ ነው።»

«እኔስ አብሬው አልሄድም?» አለች ሩት።

«ቆሞብሻል እንጂ አልያዘሽም።»

ጦሬን ጥዬ በትከሻዬ ገባሁበት። ለእኔ አሥራ ሰባት ወጣ፣ ለጅቡ አሥራ አምስት፤ በለጥኩትና ቁልቁል ወደቀ። ገደሉ ሠላሳ ሜትር ነው፤ ለየሦስት ሜትሩ አንድ ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ፣ በጠቅላላው አሥር። ያለንን ሁሉ ሰብስበን ለሩት ሰጠናት። በሁለት እጇ አፍሳ ለቀቀችው። ሠላሳ ስምንት።

ዘሪሁን እርሳሱን አስቀመጠ። «ከገደሉ ሥር አንድ ሰው ወድቋል፤ ትከሻው ላይ ፍላጻ ተሰክቷል። አይንቀሳቀስም።»

ሩት ወረቀቷን ሁለት ቦታ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «መምህር፣ ሎሚ እጅ ነስታለች» አለችኝ። በማስተማር ዘመኔ ምስጋና አጥቼ አላውቅም፤ እንደዚያ ያኮራኝ ግን የለም።

ከዚያ ወዲህ «ይሄ አይነካም» ሲሉኝ «በምን?» እላለሁ። የሚቋቋምና የማይነካ አንድ አይደሉም። የሚቋቋመውን ደጋግማችሁ ብትመቱት ይደክማል፤ የማይነካውን ሺህ ጊዜ ብትመቱት ትርፉ ሺህ ዜሮ ነው። ነገር ግን የማይነካውም ቢሆን ዝርዝር አለው፤ ዝርዝሩ ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ያበቃል።

እስቲ አሁን ወረቀት አውጡ። አንድ አውሬ ፍጠሩና ምን ምን እንደማይጎዳው ከሥሩ ጻፉ። ከዚያ አጠገባችሁ ላለው ልጅ ስጡት፤ እናንተ ያልጻፋችሁትን አንድ ነገር ፈልጎ ይጣለው።