በጆሮ የተፈተሸው ኩሽኔታ

በጋራዥ ግቢያችን አምስት ባለሙያዎች ነን። ቀጥቃጩ በሩ አጠገብ፣ ቀለም ቀቢው ከግንቡ ሥር፣ ጎማ ጠጋኙ ከመንገዱ ዳር፣ እኔ ኤሌክትሪሺያኑ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር እንሠራለን። መሀሉን፣ ማለትም መኪና ከሥሩ የሚታይበትን ጉድጓድ የያዘው መካኒኩ ጋሽ ጆሮ ነው። ስሙን ያወጣለት ሥራው ነው። ሞተር ሲነሳ የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ደግኖ ዓይኑን ይጨፍናል። «ሦስተኛው ቫልቭ ላልቷል» ካለ፣ ከፍተህ ስታየው ላልቶ ታገኘዋለህ። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ሠርቷል።

ያገለገለ ዕቃ የሚፈትሸውም በዚሁ መንገድ ነበር። መዘውር የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ሲፈታ በጨርቅ ይወለውለውና ጆሮው ሥር አስጠግቶ በጣቱ ያሾረዋል። ዝም ካለ መልሶ ይገጥመዋል፤ ካፏጨ ወደ ቁርጥራጭ በርሜሉ ይወረውረዋል። ደህናውን ዕቃ አስጥሎ አዲስ የሚያስገዛ መካኒክ እሱ ዘንድ ከሌባ አይለይም። ደንበኞቹም የሚወዱት ለዚህ ነው።

ከዓመት በላይ ሆኖታል፣ ስልኩን ከቀኝ ጆሮው ወደ ግራው ካዛወረ። ከኋላው ስንጠራው አይዞርም። ባለቤቱ አንድ ቀን ምሳውን ይዛ መጥታ፣ «ሠፈሩ በሙሉ ዜና የሚከታተለው ከእኛ ቤት ነው፤ ቴሌቪዥኑን እንደዚያ ያስጮኸዋል» ብላ አሳቀችን። ስቀን ወደየሥራችን ተመለስን።

አንዲት አዋላጅ ነርስ ደንበኛ አለችው። ራቅ ራቅ ያሉ ጤና ጣቢያዎችን በአሮጌ ነጭ መኪናዋ እየዞረች ታዋልዳለች። የውሃ ፓምፑ አፈሰሰባትና አመጣችው። ጋሽ ጆሮ ፓምፑን በአዲስ ለወጠው። የሞተሩን የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ የሚወጥረውን ባለ ኩሽኔታ ትንሽ መዘውር ግን ፈታው፣ ጆሮው ሥር አሾረውና፣ «ይሄማ ገና እኔን ይቀብራል» ብሎ መልሶ አሠረው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ተመልሳ መጣች።

«ጋሼ፣ ከሠሩልኝ ወዲህ ሞተሩ ያፏጫል።»

ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን አስነሳ። ካቻቢቴውን ደገነ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ቆየ።

«ምንም የለም።»

«አሁን እኮ እያፏጨ ነው!»

«ሲስተር፣ መኪና ከጋራዥ ሲወጣ የሰው ጆሮ ይቆማል። የነበረውን ድምፅ ሁሉ አዲስ ያደርገዋል። አንቺ ደግሞ ሕፃን ሲያለቅስ ነው የምትውይው፤ እሱ ይሆናል ጆሮሽ ላይ የቀረው።»

ቀጥቃጩ መዶሻውን አስቀምጦ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ፉጨቱ ግን እኔ የቆምኩበት ድረስ ይሰማ ነበር። በጋሽ ጆሮ ላይ ቃል ማውጣት ከበደኝና ወደ ሽቦዬ አቀረቀርኩ። ሴትዮዋ ፊቷ ቀልቶ ወጣች።

በሳምንቱ እንደገና መጣች፤ ሞተሩን አላጠፋችም። አሁን ቁጣ የለባትም።

«ነገ መንታ ያረገዘች እናት ከገጠር ወደ ሆስፒታል ይዤ ልመጣ ነው። የሦስት ሰዓት መንገድ ነው፣ በመሀል ሰው የለም። ቀኑን ሙሉ የማኅፀን ልጅ ልብ የማዳምጥ ሰው ነኝ፤ የሚሰማውን ከማይሰማው እለያለሁ። ይሄ መኪና ያፏጫል። እርስዎ በእውነት አይሰማዎትም?»

ጋሽ ጆሮ ወደ እኔ መጣ።

«ኤሌትሪክ፣ ያፏጫል?»

«ያፏጫል፣ ጋሼ።»

«ባለፈው ሳምንትስ?»

«ያኔም ያፏጭ ነበር።»

«ታዲያ አፍህን ምን ያዘው?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሱም ከእኔ የባሰ ነበር፤ ግንባሩን ላብ አጥምቆታል፣ ጨርቁን እጁ ላይ ይጠመዝዛል። ዞሮ ወደ ሴትዮዋ ሄደ።

«ሲስተር፣ እባክሽ አንቺ አዳምጪልኝ። እኔ በእጄ ልፈልገው።»

ቺንጋው ላይ ትንሽ ውሃ ጠብ ጠብ አደረገበት።

«ተለወጠ?»

«አልተለወጠም።»

«ሲረጥብ ካልተለወጠ ቺንጋው አይደለም ማለት ነው።» ሞተሩን አጥፍቶ ቺንጋውን አወለቀና ያለሱ ለአፍታ አስነሳው። «አሁንስ?»

«ጠፋ! ጭራሽ ጠፋ።»

እንግዲህ ሞተሩ ራሱ ነፃ ነው፤ ጥፋቱ ቺንጋው ከሚያዞራቸው አንዱ ነው። አጥፍቶ አንድ በአንድ በእጁ ያሾራቸው ጀመር። ዲናሞው እንደ ቅቤ ዞረ። አዲሱ ፓምፕም ደህና ነው። ትንሹ መዘውር ላይ ሲደርስ በልማድ ጆሮውን ሊያስጠጋ ጎንበስ አለ፤ ከዚያ ቀና አለና የጣቶቹን ጫፍ ብቻ አሳረፈበት። ሲያሾረው አሸዋ እንደገባበት ይንገራገጫል።

«ይሄው! እሱ ነው!» አለች ሴትዮዋ።

ፈትቶ መዳፉ ላይ አደረገው። ኩሽኔታው ግሪሱ አልቆ ደርቋል፤ ከሙቀቱ የተነሳ ጠርዙ ሰማያዊ ሆኗል። ነገ መንገድ ላይ ነክሶ ቢቆም ኖሮ ቺንጋው ይበጠስ ነበር፤ ፓምፑ ይቆም፣ ሞተሩ ይቃጠል ነበር። ይህን ለማንም ማስረዳት አላስፈለገም።

«በጆሮዬ ፈትሼ ደህና ነው ብዬ የመለስኩት እኔ ነኝ» አለ። «ከዚያ ደግሞ ሰው ፊት አሳቅኩብሽ። ጆሮዬ ከከዳኝ ቆይቷል። አውቅ ነበር።»

አይዞዎት ትለዋለች ብዬ ስጠብቅ አላለችውም።

«በዚህ ጆሮ ፈትሸው የመለሱት ኩሽኔታ ስንት ነው?» አለችው።

ጋሽ ጆሮ አዲስ መዘውር አስመጥቶ ገጠመላት። አሁንም ያዳመጠችው እሷ ናት፤ እሱ አጠገቧ ቆሞ ፊቷን ያይ ነበር። ፉጨቱ መጥፋቱን ራሷን ነቅንቃ ነገረችውና ሄደች።

ከሰዓት በኋላ የደንበኞች ስልክ ያለበትን ደብተር ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ።

«አንተ ደውልልኝ፤ የሚሉት በደንብ አይሰማኝም። መኪናችሁን አምጡ በላቸው።»

መጀመሪያ የደወልኩት ለአንድ የሚኒባስ ሹፌር ነበር። ገና ሳልጨርስ በሳቅ አቋረጠኝ። «የእኔ መኪና? ተወኝ ባክህ! ጋሽ ጆሮ ራሱ አዳምጦ የገጠመውን ዕቃ አንተ ልትነቅል? አርፈህ ሽቦህን ቀጥል!»

«ምን አለ?» አለኝ ጋሽ ጆሮ፣ አፍ አፌን እያየ።

የባሰ እንዳይሸማቀቅ ላለሳልሰው አሰብኩ። ከዚያ ያለፈው ሳምንት ዝምታዬ ትዝ አለኝና እንዳለ ነገርኩት።

ገና ያልተዘጋውን ስልክ ከእጄ ወሰደ። የራሱ ድምፅ በልኩ ስለማይሰማው ግቢው በሙሉ እስኪሰማ ጮኸ። «ሹፌር፣ እኔው ነኝ! አዎ፣ አዳምጬዋለሁ፤ ግን አልሰማሁም! ጆሮዬ አይሰማም! ዛሬውኑ አምጣት፣ ሰው አትጫንባት!»

ቀጥቃጩ መዶሻውን አቆመ፤ ቀለም ቀቢውም ዞረ። አሁን የሳቀ የለም። ጋሽ ጆሮ ማንንም ቀና ብሎ ሳያይ፣ በግሪስ የጠቆረ ጣቱን ደብተሩ ውስጥ ባለው ቀጣይ ስልክ ላይ አሳርፎ ቁጥሩን ራሱ ይመታ ጀመር።