በጌሾው መሐል የዘረጋሁት ሐዲድ

በጃንሆይ ዘመን ድሬዳዋ ሦስት ዓመት ሠርቼ ወደ ጋይንት ስመለስ ይዤ የመጣሁት አንድ ጋቢ፣ ወባና የባቡር ፍቅር ነው። ሥራዬ ከሐዲድ ሥር ጠጠር መደልደል ነበር። ባቡሩ ላይ የተሳፈርኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሲያልፍ ግን ቆሜ የማላይበት ቀን አልነበረም። በኛ መንደር ደግሞ ባቡር ያየ ሰው የለም። ስነግራቸው "ወባው ነው የሚያስለፈልፈው" ይላሉ።

መናገሩ ሲሰለቸኝ ሠርቼ ላሳያቸው አልኩ። ከቤቴ ጓሮ ጌሾና ጎመን የተከልኩበት ቁልቁል ቦታ አለ። ከጎተራው ጀምሬ፣ ጌሾውን ዞሮ እስከ አጥሩ ድረስ፣ ወይራ ጠርቤ ሁለት መስመር ዘረጋሁ። ስፋቱ ስንዝር፣ ርዝመቱ ሠላሳ እርምጃ ይሆናል። ከሥሩ አግዳሚ እንጨት ደረደርኩ፤ ጠጠሩንም እንደ ለመድኩት ደለደልኩ።

ፉርጎዎቹን ግን እንደ ድሬዳዋው አላደረግኋቸውም። የነዚያ ሁሉም ሣጥን ነው፤ አንዱ ካንዱ አይለይም። እኔ የመጀመሪያውን ከትልቅ ቅል ሠራሁት፤ ጎኑን በስቼ መስኮት አወጣሁለት። ሁለተኛው ከእንጨት የጠረብኩት ትንሽ የበቅሎ ኮርቻ ነው፤ በቅሎ ሳይኖር ብቻውን የሚሄድ ኮርቻ። ሦስተኛዋ ዶሮ ናት። ከዋንዛ ጠርቤ አናቷ ላይ ቀይ ቆዳ ሰካሁባት። አንገቷን ከመንኮራኩሩ ዘንግ ጋር በጠፍር አያይዤው ስለነበር፣ በሄደች ቁጥር ጎንበስ ቀና እያለች እህል የምትለቅም ትመስላለች።

የእንጨቱ ዘንግ እየተሰበረ ሲያስቸግረኝ ያለቀ የአባቴን ማረሻ ይዤ ቀጥቃጩ ዘንድ ሄድኩና ለዶሮዬ የብረት ዘንግ እንዲሠራልኝ ጠየቅሁት።

"ለዶሮ ነው?" አለኝ።

"ለዶሮ ነው።"

"እኔ ለዶሮ ጊዜ የለኝም። ወናፉን አንተው እየነፋህ፣ ብረቱን አንተው እየመታህ ከሆነ ና።"

አራት ቀን እሱ ዘንድ ዋልኩ። ያን ጊዜ ቀጥቃጭ ይናቅ ነበር። ቡዳ ነው ይሉታል፤ አብረውት አይበሉም፣ ልጅም አይሰጡትም። እኔ ቆሎውን ስቆረጥም ሰንብቼ ምንም አልሆንኩም። ይኼንንም ለጠየቀኝ ሁሉ ተናገርኩ።

የተናገርኩት አርብ ገበያ ደረሰ። ያን ዓመት ከዚያ አካባቢ አንዲት ልጅ ታጭታልኝ ነበር። ያየኋት ሁለቴ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ በጎን ሆና እየሳቀች። ከሷ ሌላ አላገባም ብዬ ነበር። አባቷ እንዲህ ብለው ላኩ፦ "ልጄን ለቀጥቃጭ አልሰጥም። አርብ የጫንኩትን ይዤ ለገበያ ስወርድ በሱ ደጅ አልፋለሁ። የተባለው እውነት ከሆነ ቃሉ ፈርሷል።"

ሽማግሌ ሆኖ ያጨልኝ አጎቴ ነው። ሐሙስ ዕለት መጣ።

"ነገ ሲመጡ ቀጥቃጩ ነው የሠራው በላቸው" አለኝ።

"የሠራሁት እኔ ነኝ።"

"እንግዲያስ ለእህል መጫኛ ነው በል። ለእርሻ ከሆነ ማንም አይከፋውም።"

"ስንዝር በምታህል ፉርጎ ምን እህል ይጫናል? ጨዋታ ነው።"

"አንተ ሰውዬ፣ ሚስት ነው የምትፈልግ ዶሮ?"

"ሁለቱንም።"

ተቆጥቶ ሄደ፤ ግን አርብ ጠዋት ከሁሉ ቀድሞ ደጄ ተገኘ።

የልጅቷ አባት አህያቸውን ነድተው መጡ። ለአህያው ፋታ ሊሰጡ የባቄላውን ጆንያ አወረዱና አጥሩ ሥር፣ ሐዲዱ ከሚያልቅበት አጠገብ አስቀመጡት። ሰላምታቸው ቀዝቃዛ ነበር።

"ወናፍ ነፍተሃል ይባላል።"

"ነፍቻለሁ። መዶሻም ይዣለሁ።"

አጎቴ ራሱን ያዘ።

"እርስዎስ ማረሻዎን ሲያሠሩ ወናፉን ማን ይነፋልዎታል?" አልኳቸው። ገበሬ ሁሉ ማረሻውን ይዞ ሲሄድ ወናፉን የሚነፋው ራሱ ነው፤ ቀጥቃጩ ያለው ሁለት እጅ ነውና።

ሰውየው አልተደናገጡም። "እኔ የምነፋው ለማረሻ ነው፤ ቸግሮኝ ነው" አሉ። "አንተ ለጨዋታ ብለህ ነው፤ ወደኸው ነው። ወዶ የነፋ ቀጥቃጭ ነው።"

"እውነትዎን ነው፤ ወድጄ ነው" አልኩ። ልጅቷን ያኔውኑ ያጣሁ መሰለኝ።

"በል ይሂድና ልየው" አሉ። "መንገዴን ያረዘምኩት ለዚህ ነው።"

ከጎተራው ሥር ሦስቱንም ለቀቅኋቸው። ቅሉ እንደ ልማዱ ጌሾው ጋ ተገለበጠ። ኮርቻው አልፎት ሄዶ ጎመኑ ውስጥ ገባ። ዶሮዋ ግን ጎንበስ ቀና እያለች፣ እየለቀመች፣ ቀጥታ ወደ ባቄላው ጆንያ ወረደች። ሰውየው ዱላቸውን አንሥተው "እሽ! እሽ!" አሏት።

ዶሮዋ አልሸሸችም። ጆንያውን በአፏ ነክታ ቆመች።

አጎቴ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ሰውየው ዱላቸውን አዩ፣ ዶሮዋን አዩ። ሳቁ መጀመሪያ በአፍንጫቸው መጣ፤ ኋላ ጆንያው ላይ ተቀምጠው በጋቢያቸው ዓይናቸውን ጠረጉ።

"ድገማት" አሉኝ።

ሦስት ጊዜ ደገምኳት። ከዚያ ወደ አጎቴ ዞሩ።

"ቀጥቃጩ ነው የሠራው ይለኛል ብዬ ነበር የመጣሁት። ያን ጊዜ በምን አምነዋለሁ? ይኼ ግን ልጄን እንደሚያጣ እያወቀ ነው የተናገረ።"

"ታዲያ ምን እንበል?" አለ አጎቴ።

"ገብሳችን ይወቃ፤ ሠርጉ ጥር ላይ ይሁን። ብቻ የወናፉን ነገር ለእናቷ አትንገሩ።"

"ከጠየቁኝ እነግራቸዋለሁ" አልኩ።

አጎቴ እግሬን ረገጠኝ። ሰውየው ግን ጆንያውን እያነሡ "ማን ይጠይቅሃል? አስይዘኝ ይልቅ፤ ገበያው ሊያመልጠኝ ነው" አሉ።

ጆንያውን አህያው ላይ አብረን ጫንን። መጫኛውን ሁለት ጊዜ አስሬ ሁለቴም ተፈታብኝ፤ እሳቸው ራሳቸው አሰሩት።