በሣር ገመድ የታሰረው በር

ጀርመን አገር፣ ሽቫንሃይም፣ ማይን ወንዝ ዳር፣ የጭነት ጀልባ ጡሩምባ በተነፋ ቁጥር የባሮ መርከብ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ይመለሳል። ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ፣ ከሱዳን የሚመጣው መርከብ ገና ከወንዙ ጥምዝ ጀርባ ሳለ ይጮህ ነበርና፣ እኛ ልጆች ጭቃውን እየዘለልን ወደ ዳር እንሮጥ ነበር። መርከቡ ጨውና አቡጀዲ አራግፎ፣ ከጎሬ በበቅሎ የወረደውን ቡና ጭኖ ይመለስ ነበር። አባቴ የነጋዴዎቹ መጋዘን ዘበኛ ስለነበር ከልጆቹ ሁሉ ፊት የምቆመው እኔ ነበርኩ።

ከመጋዘኑ አጠገብ፣ ማንጎው ዛፍ ሥር፣ አሪየት የምትባል አኙዋክ ጎረቤታችን ቤት ነበራት። ወገኖቿ ከመጋዘኑም ከእኛም በፊት እዚያው ነበሩ። ዋና ያስተማረችኝ እሷ ናት። አገጬን በመዳፏ ደግፋ ወደ ውሃው ስታስገባኝ እጮህ ነበር፤ «የደጋ ሰው ውሃ የሚወደው በእንስራ ሲሆን ብቻ ነው» እያለች ትስቅብኝ ነበር፤ እናቴም ከዳር ሆና አብራ ትስቅ ነበር።

መስከረም አልፎ ወንዙ ሲጎድል መርከቡ ይቀር ነበር። በጋው ሲጠና አሪየትና ቤተሰቧ ዓሣ ወደሚበዛበት ወደ ታችኛው ዳር ይወርዱ ነበር። ከመሄዷ በፊት በሯን በሣር ገመድ አስራ፣ አንዱን የዓሣ ቅርጫቷን ደጁ ላይ ትደፋው ነበር። እመለሳለሁ ማለቷ ነው። ይህን ሠፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ አባቴም ያውቅ ነበር።

አንድ በጋ የመጋዘኑ ሹም ግቢውን ሊያሰፋ ከሠራተኞች ጋር መጣና የታሰረውን በር አይቶ፣ «ትተውት ሄደዋል እንዴ?» ብሎ አባቴን ጠየቀው። አባቴ ቆቡን አውልቆ መሬት መሬት አየ።

«አባባ፣ እትዬ አሪየት እኮ ትመለሳለች!» አልኩ።

«ዝም በይ።»

እስከ ምሳ ሰዓት ቤቱን አፍርሰው ጨረሱ፤ ቅርጫቷንም ከክዳኑ ሣር ጋር አቃጠሉት። ዝናቡ ሊጀምር ሲል አሪየት ተመልሳ አዲሱን የቆርቆሮ አጥር ከዳር እስከ ዳር አየችው። ከዚያ ወደ አባቴ ዞራ፣ «አንተ እዚህ አልነበርክም?» አለችው። ወደ ሠፈራችን ደግማ አልመጣችም፤ እኔም ዳግመኛ አልዋኘሁም።

ባለፈው ዓመት ፍራንክፈርት ያሉ የአገሬ ልጆች የከተማችንን ታሪክ በፎቶግራፍ ሊያሳዩን ጠሩን። ወጣቱ አቅራቢ ያንን መጋዘን ግድግዳው ላይ አሳየንና፣ «ነጋዴዎቹ ሲመጡ ቦታው ባዶ ነበር» አለ። ተነሣሁ።

«ባዶ አልነበረም።»

«እማማ፣ ይቅርታ፣ ጥያቄ በኋላ ነው። አዳራሹን የምናስረክብበት ሰዓትም ደርሷል።»

«ጥያቄ አይደለም» አልኩት።

ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ፣ «ተይው በቃ፣ እህቴ፣ የድሮ ነገር ነው» አለኝ። አልተቀመጥኩም። የአሪየትን ስም፣ በሯን፣ ቅርጫቷን፣ የአባቴንም ዝምታ ተናገርኩ። ሰዎቹ ካፖርታቸውን እየለበሱ ሰሙኝ፤ ግማሾቹ እኔ ሳልጨርስ ወጡ።

ድሮ ጡሩምባው ሲጮህ እሮጥ ነበር፤ አሁን ጉልበቴ ስለማይፈቅድ አግዳሚ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥኩ ጀልባው ሲያልፍ አያለሁ። ድሮ ዝም ያሰኘኝ አንድ ሰው ነበር፤ አሁን አዳራሽ ሙሉ ሰው ነው። አባቴን ይቅር አላልኩትም። እሱ እንኳ ግን ያን ቀን አፍሮ መሬት መሬት ያይ ነበር።