ኪኒን በወተት

የአባቴ በሽታ ሰውን ቁጭ ባለበት የሚያስቀር ነው። ሻይ ሊጠጣ እጁን ይዘረጋና እጁ መንገድ ላይ ይቆማል። ልነሳ ብሎ ወንበሩን ይጨብጣል፤ ሐሳቡ ተነስቷል፣ እግሩ ግን አልሰማም። ሲጀምረው ቀኝ እጁ ብቻ ነበር የሚንቀጠቀጠው። እርጅና ነው፣ ብርድ ነው እያልን ከረምን፤ ሞያሌ ውስጥ ምን ብርድ አለ ያለ ሰው አልነበረም። ኋላ ናይሮቢ ወሰድኩት። ሐኪሙ አራመደው፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ አስነካካው፣ ስሙን አስጻፈውና ፓርኪንሰን ነው አለን። ያን ቀን አላለቀስኩም። እንዴት ቻልሽው ይሉኛል ሰዎች። አልቻልኩትም እኮ፣ ደንዝዤ ነው። በሽታው የእሱን ገላ ሲያስር የእኔን ሆድ አሰረው፤ ልዩነቱ የእሱ መድኃኒት አለው።

መድኃኒቱን ሐኪሙ በደንብ አስረድቶኛል። አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚሉት ነገር አለ፤ ገላችን እንደልቡ የሚንቀሳቀሰው በእሱ ነው። የአባቴ አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚሠሩት ሕዋሳት እየሞቱ ነው። ዶፓሚኑን ራሱን በኪኒን አድርገው ቢሰጡት አንጎል አያስገባውም፤ አንጎል አጥር አለው። ስለዚህ የሚሰጡት ጥሬ ዕቃውን ነው፣ እሱ አጥሩን ያልፍና እዚያው ውስጥ ዶፓሚን ይሆናል። ኪኒኑ የሞቱትን አያስነሳም፣ የቀሩትንም ከመሞት አያድንም፤ ለጥቂት ሰዓት ይተካቸዋል፣ ከዚያ ያልቃል። እኛ ቤት ኪኒኑ ሲሠራ «መብራት መጣ» እንላለን፣ ሲያልቅ «መብራት ሄደ»። አባቴም ራሱ እንደዚያ ይላል። ሆዱን ካወከው ትንሽ ነገር ቀምሶበት ይውሰደው አለ ሐኪሙ፣ እና ያቺ ትንሽ ነገር ቤታችን ስትደርስ ወተት ሆነች።

እናቴ ከሞያሌ ወጣ ብሎ ያለው የጎዶማ ገጠር ልጅ ናት፣ የከብት ሰዎች ልጅ። አባቴ በስደት ከደጋው አገር ወርዶ እዚህ የኬንያው ሞያሌ ሲደርስ ወባ ጨርሶት ነበር ይባላል። ጥላ ሥር ያስተኙት የእሷ ቤተሰቦች ናቸው። ወተት ጮጮ በሚሉት ዕቃ እያጠጣች ያስነሳችው እሷ ናት፤ ቢያንስ እሷ የምትለው እንደዚያ ነው። ኋላ ተጋቡ፣ እሷ ተጠመቀች፣ እሱ ኦሮምኛ ለመደ። ሰው ስለ ጋብቻቸው በጠየቃት ቁጥር፣ «ምን ይዞ መጣ? አጥንቱን። ወተቴ ነው ያቆመው» ትላለች። አባቴም እውነቷን ነው ብሎ ራሱን ይነቀንቃል።

ስለዚህ ኪኒኑ ሲመጣ ሥራው የማን እንደሆነ ክርክር አልነበረም። የጎዶማ ሴቶች ቦዳቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ተጭነው የሚያመጡትን ወተት እናቴ በየጠዋቱ ማንያታ ሰፈር ያለው ቤታችን በር ላይ ትቀበላለች። አፍልታ ታበርደዋለች። የአባቴ እጅ ስለሚንቀጠቀጥ ኪኒኑን ራሷ ምላሱ ላይ ታስቀምጥና ጮጮውን አፉ ላይ ይዛ ታጠጣዋለች። ይህ መድኃኒት ጨጓራ ይልጣል፣ ባዶ ሆድ ላይ አይገባም ትላለች። እኔም ልክ መስሎኝ ነበር። አገሩ በሙሉ ጠንካራ መድኃኒት የሚውጠው በወተት ነው።

አባቴ በጤናው ጊዜ ይህን ያህል ጾመኛ አልነበረም። ሁዳዴን ይጾማል፣ ረቡዕና ዓርብን ሲያስታውስ ይጾማል፣ አለቀ። ከታመመ በኋላ ግን፣ ባለፈው ዓመት ሃምሳው ቀን ካለፈ ጀምሮ፣ ጾም የሚባል ነገር አላመለጠውም። የሐዋርያትን ጾመ፣ ፍልሰታን ጾመ፣ የነቢያትን ጾመ፣ መነኮሳትና ፈቃደኛ የሚጾሙትን የጽጌን ጾም ሳይቀር ጾመ። የንስሐ አባቱ እንኳ፣ «ኧረ አንተ በሽተኛ ነህ፣ ለራስህ እዘን» ቢሉት አልሰማም።

በጾም ቀን እናቴ ወተቱን ትታ ኪኒኑን በውሃ ትሰጠዋለች፤ እህል የሚቀምሰው ከስድስት ሰዓት በኋላ ነው። እና በጾም ቀን አባቴ ሌላ ሰው ነው። ኪኒኑን ውጦ ትንሽ እንደቆየ ትከሻው ይላላል፣ ይነሳል፣ ሸሚዙን ራሱ ይቆልፋል፣ ድንበሩን ተሻግሮ ማዶ ያለችው ቤተ ክርስቲያን ድረስ በእግሩ ይሄዳል። ከሰዓት ሽሮውን ከበላ በኋላ ትንሽ ይከብደዋል፤ ቢሆንም ይሄዳል። ሰፈሩ ጾሙ ፈወሰው አለ። እናቴ እግዚአብሔር ነው አለች። እኔ ቆሜ አየሁትና ሻይ ወደ መቅዳቴ ተመለስኩ።

የማይጾምበት ጊዜ ነው የከፋው። በእኛ ሥርዓት ከፋሲካ በኋላ ሃምሳ ቀን ጾም የለም፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ ይበላል፣ ልጹም የሚል ሰው ቢኖርም አይፈቀድለትም። ባለፈው ዓመት እነዚያን ቀናት አባቴ እንጨት ሆኖ ነው ያሳለፋቸው። እናቴ ሁዳዴ አድክሞት ነው ብላ ወተቱን ጨመረችለት።

በዚህ መሃል እኔ ላገባ ሆነ። ሠላሳ ካለፈኝ ቆይቷል። ሄሉ ሰፈር ያሉት የእናቴ ዘመዶች፣ «ይቺ ልጅ ያገባችው ሆቴሉን ነው» እያሉ ሲስቁብኝ ኖረዋል። የእኔ ሆቴል አልጋ ያለው አይምሰላችሁ፤ በኬንያ ሻይና ቻፓቲ የሚሉት ቂጣ የሚሸጥበት ቤት ሁሉ ሆቴል ነው። የማገባው ሰው የሎሪ ሹፌር ነው፣ ደህና ሰው ነው። ስለ እሱ ብዙ የምለው የለኝም፣ ያኔም አልነበረኝም። ሠርጉ የግድ በዚያ ሃምሳ ቀን ውስጥ መዋል ነበረበት። ከዚያ በፊት ሁዳዴ ነው፣ ከዚያ በኋላ የሰኔ ጾም ይገባል፤ በጾም ደግሞ አይደገስም።

አባቴ የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ቆሜ ነው የምድርሽ» አለኝ። «ሙሽራው ሲገባ ቆሜ፣ በራሴ ድምፅ ነው የምመርቅሽ። ደግፈው አነሱት እንዳይባል።» ሁዳዴውን ሙሉ ጓሮ ውስጥ ተለማመደው። ከወንበሩ ይነሳል፣ እጁን ይዘረጋል፣ «ውለዱ ክበዱ» ይላል፣ ይቀመጣል። የሚመረቁት ዶሮዎቹ ብቻ ነበሩ። «እነዚህ ዶሮዎች ዘንድሮ በእንቁላል ይገድሉናል» ብዬ ቀለድኩበት፤ እሱም ሳቀ። አንድ ነገር ፈለግኩ ካልኩ እሱ ቆሞ እንዲመርቀኝ ነበር የፈለግኩት።

ፋሲካ መጣ። ዶሮው ተበላ፣ ወተቱ ተመለሰ፣ በሳምንቱ አባቴ ከወንበር መነሳት አቃተው። ድምፁ ወደ ውስጥ ገባ፤ ጆሮዬን አፉ ላይ አድርጌ ነበር የምሰማው። ፊቱም ታሰረ። ይህ በሽታ ፊትንም ያስራል፣ ደስታም ንዴትም አይታይበትም። ለሠርጉ የቀረው ሁለት ቀን ነው። ከተማ መሃል ወዳለው ኬሚስት፣ መድኃኒት ቤቱ ማለቴ ነው፣ ሄድኩና ባለቤቷን ጠንከር ያለ ኪኒን ስጪኝ አልኳት።

«በምን ነው የሚውጠው?» አለችኝ።

«በወተት።»

«ጠዋት?»

«ጠዋትም ማታም።»

እንዲህ ብላ አስረዳችኝ። ወተትም ሥጋም ሆድ ውስጥ ሲፈጭ የሚወጣው ነገርና ይህ ኪኒን ወደ አንጎል የሚገቡት በአንድ በር ነው። «ድንበሩ ላይ ሎሪው ሁሉ የተሰለፈ ቀን አምቡላንስ ቢመጣ በየት ያልፋል?» አለችኝ። «ኪኒኑም እንደዚያው ነው፤ ወረፋ ላይ ቆሞ ጉልበቱ ያልቃል።» ሌላ ኪኒን አያስፈልገውም፣ በውሃ ውጦ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ወተቱን ቢጠጣ ይበቃል አለች። ከዚያ ግራ እንደገባው ሰው አየችኝ።

«ግን እኮ ለአባትሽ ነግሬዋለሁ። ባለፈው ዓመት ራሱ መጥቶ ጠይቆኝ ነበር። አልነገራችሁም?»

ነገሩ የገባኝ ወደ ቤት ስመለስ መንገድ ላይ ነው። የፍልሰታውም፣ የነቢያቱም፣ የጽጌውም ጾም እግዚአብሔርን ፍለጋ ብቻ አልነበረም። አባቴ የእናቴን ወተት እምቢ ማለት ስላልሆነለት ጾምን ሰበብ አድርጎ ኖሯል። በሃምሳው ቀን ግን ሰበብ የለውም። የእኔ ሠርግ ደግሞ የዋለው እዚያ ውስጥ ነው።

ከሆቴሉ ኋላ ጥላ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። አጠገቡ ቁጢጥ አልኩ።

«ታውቅ ነበር» አልኩት። «ኬሚስቷ ነገረችኝ። አባዬ፣ ምን ነካህ? አንድ ቃል እኮ ነው። ኪኒኑን በውሃ ስጪኝ፣ ወተቱን ቆይተሽ አምጪልኝ ትላታለህ፣ አለቀ።»

ቃላቱን አንድ አንድ እያወጣ መለሰልኝ። «ወተቴ ነው ያቆመው ስትል አልሰማሽም? ወተትሽ ነው ያሰረኝ ልበላት?»

«እሺ እኔ ጎህ ሲቀድ በድብቅ ልስጥህ።»

«ስገላበጥ የምትነቃ ሴት አጠገብ?»

«ሠርጌስ?»

ብዙ ቆየ። መብራት ሄዶ ስለነበር ያስብ ይሁን መናገር አቅቶት ይሁን አላወቅኩም። «ተቀምጬ እመርቅሻለሁ» አለኝ።

ልናደድበት ሞከርኩ፣ አልመጣልኝም። ላዝንለትም ሞከርኩ። ተነስቼ ቻፓቲ ጠበስኩ።

ለእናቴ በማግስቱ ነገርኳት። ጀግንነት አይደለም። ስሜት ያልሞተበት ሰው ቢሆን ዝም ይል ነበር፤ እኔ ግን ጋዝ አለቀ እንደሚባለው አድርጌ ነገርኳት። ጓሮ ጮጮዋን እያጠበች ነበር። አንገቷን ሳታቀና ሰማችኝ፣ በሩን፣ ወረፋውን፣ ሁሉንም።

«እሱ ያውቃል?» አለች።

«ካለፈው ዓመት ጀምሮ። ጾሙንም ያበዛው ለዚያ ነው።»

ጮጮውን አስቀመጠችው። ስለ ወተቱ ታለቅሳለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ስለ ወተቱ አንድ ቃል አልተናገረችም።

«ባሌ እንዲህ የሚፈራኝ ሴት ነኝ?» አለችኝ።

«አይደለሽም፣ እማዬ።»

«ታዲያ እንጨት ሆኖ ከሚቀመጥ ቢነግረኝ ምን አደርገው ነበር? እመታው ነበር?»

ላቅፋት ይገባኝ ነበር። አወቅኩት፣ ግን አላቀፍኳትም። እሷም ለእሱ ምንም እንዳልነግረው አዘዘችኝና ወደ ቤት ገባች።

የሠርጉ ቀን፣ እንግዳው መግባት ሲጀምር፣ ኪኒኑን በውሃ ሰጠችው። አባቴ ብርጭቆውን አየ፣ እሷን አየ፣ ዋጠ። ድንኳኑ ሲሞላ የጎዶማ ዘመዶቿ እንደ ወጉ መጀመሪያ ለሙሽሪት አባት ወተት ይዘው ቀረቡ፤ እሷ መለሰችባቸው። ሥጋ መጣ፣ ሳህኑን ከጉልበቱ ላይ አነሳችው። አንዷ አክስቴ፣ «በልጁ ሠርግ ባሏን ታስርበዋለች» ስትል እኔ ከተቀመጥኩበት ሰማሁ። እናቴም ሰምታለች። በዘመዶቿ ፊት ወተት ከለከለች መባል ለእሷ ምን ማለት እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። ለማንም አላስረዳችም፤ አጠገቡ ቁጭ ብላ ሰዓቷን ታያለች።

ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ሲገባ አባቴ ወንበሩን ጨበጠና ተነሳ። ማንም አልደገፈውም። እጁን ዘርግቶ፣ ድንኳኑ ጫፍ ያሉት ሳይቀሩ እየሰሙት መረቀኝ። እልልታው ቀለጠ፣ አክስቴ ሳትቀር አለቀሰች። እኔ የተኳልኩት እንዳይበላሽ የታሰበልኝ ይመስል ዓይኔ ደረቅ ነበር። ጉልበቱን ስስም ግን፣ አሁን ደስ ሊለኝ ነው መሰለኝ ብዬ ጠብቄያለሁ።

ሰዉ ወደ ምግቡ ሲዞር እናቴ ሰዓቷን አይታ ተነሳችና ወተት በጮጮ ይዛ መጣች። አፉ ላይ አልያዘችለትም፤ እጁ ላይ ሰጠችው፣ እሱም ራሱ ይዞ ጠጣ። እኔ ገና እግራቸው ሥር ነበርኩ። እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ለእግዚአብሔር የምትጾመውን ጹም» አለችው። «እኔን ፈርተህ ግን ከእንግዲህ አትጹምብኝ።»

አባቴ ቀና ብሎ አያት። ኪኒኑ በሥራ ላይ ስለነበር ፊቱ ተፈትቶ ነበር። እፍረቱን እሷም እኔም አየነው።