የጥቁር አበባ ሁለት

ባሌ ዐሥራ ሁለት ሲሉት ሰይፍ የመዘዘ ሚካኤል ይታየው ነበር። ሃያ ሦስት ሲሉት ጊዮርጊስ ከነፈረሱ። ይህ የእምነት ብርታት እንዳይመስላችሁ፤ ሰውዬው ሰበብ ባገኘ ቁጥር ጦም የሚገድፍ የሂሳብ አስተማሪ ነበር። በሃምሳዎቹ መጨረሻ ገደማ ለክረምት ትምህርት አዲስ አበባ ሄዶ፣ ከአንድ ፈረንጅ አስተማሪ የሰማውን ጥበብ ይዞ ተመለሰ። ቁጥር በባዶው ከራስ ይበናል፤ ሥዕል ካለበሱት ግን አይጠፋም ይላል ጥበቡ። ፈረንጁ ሥዕሉን ራሳችሁ ፍጠሩ ብሏቸው ኖሯል። የኔው ባል መፍጠር የት ያውቅና! ከአንድ እስከ ሠላሳ ላለው ቁጥር ቤተ ክርስቲያን በየወሩ የምታዞራቸውን ቅዱሳን አነሣና የራሱ አደረጋቸው። ከዚያ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር እየቆመ የጭነት መኪና ታርጋ ያጠና ጀመር። ጊዮርጊስ ቀድሞ ሚካኤል ከተከተለ ታርጋው ሃያ ሦስት ዐሥራ ሁለት ነው። ሰው ታቦት ይሳለማል፤ እሱ ታቦቱን ለታርጋ አዋለው። እኔ አፈርሁለት።

በታርጋ ቢበቃው መልካም ነበር። ቡሬ ከሚያድሩ ሾፌሮች ጥጋጥጉ የተበላ የመጫወቻ ካርታ ገዝቶ መጣ። ሃምሳ ሁለት ካርታ ተበውዞ ሲሰጠው አንድ ጊዜ አይቶ በተራ ሊጠራው ነው። ለካርታ ደግሞ ቅዱስ የለውም። ስለዚህ ለያንዳንዱ ካርታ የከተማችንን አንድ ሰው ሰጠ። የምታውቀው ሰው ዐይንህ ላይ ይቆማል ይላል። የልብ ንግሥት ብሎ ከትምህርት ቤቱ ማዶ ያለችውን የጠጅ ቤት ባለቤት ሾመ። የነፍስ አባታችን የአቦ አገልጋይ ስለሆኑና አቦ በአምስት ስለሚውል፣ የልብ አምስት ሆኑ። እነዚህን ሰዎች ካርታው በወጣበት ተራ ከደጃችን አንሥቶ እስከ ላህ ወንዝ ድልድይ ድረስ በመንገዱ ላይ ይደረድራቸዋል፤ አንዷን ደጃፋችን ላይ ጠጅ ስታንቆረቁር፣ የነፍስ አባታችንን ወፍጮ ቤት ጥምጥማቸው ዱቄት ለብሶ። ሲጠየቅ መንገዱን በሐሳቡ እየሄደ ያገኘውን ሰው ሁሉ በካርታው ይጠራል። እንግዲህ የተማረ ሰው ሥራ ይህ ነው። የኛ የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በውሻ እየተነከሰ፣ ዳዊቱን በቃሉ ይወጣል፤ ማንም ጥበብ አላለውም።

ግን ልክ ይመጣለት ነበር፤ አልዋሽም። ካርታውን ይዤ የማስጠናው እኔ ነበርሁ። ለጥበቡ ብዬ እንዳይመስላችሁ። ከደብረ ማርቆስ የሚመጣው የትምህርት ኢንስፔክተር ነገሩን ሰምቶ፣ በወላጆች በዓል ቀን በሕዝብ ፊት አሳየኝ፣ አንዲት ሳትስት ከጨረስህ አዲስ አበባ ለአንድ ዓመት ትምህርት አስልክሃለሁ፣ ቤትም ስለሚሰጥህ ሚስትህን ይዘህ ትሄዳለህ ብሎት ነበር። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ተነሥቼ የተዳርሁ ሴት ነኝ። አዲስ አበባ ባለትዳር የሚማርበት የማታ ትምህርት ቤት እንዳለ ሰምቻለሁ። ያን ትምህርት እንደ ራብተኛ እመኘው ነበር። ስለዚህ እሳት ዳር ተቀምጬ፣ «ቀጥሎ?» እያልሁ፣ ያን የሾፌር እጅ ያወዛውን ካርታ እገልጥለት ነበር።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ባሌ አንድ ቀን ጠጅ ቤት ገብቶ ጥበቡን ዘረገፈው። ባለቤቲቱ ንግሥት መሆኗን ስትሰማ ብርሌውን በነጻ ሞላችለት፤ ከማን እንደምትበልጥ ለማወቅም የተቀሩትን ሁሉ አናዘዘችው። ሳምንት ሳይሞላ ገበያው ሁሉ ማን ስንት እንደሆነ አወቀ። ይህ ነገር ለምን ይበጃል ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልሰማሁም። ጥያቄው አንድ ብቻ ሆነ፤ እኔስ ስንት ነኝ?

የነፍስ አባታችን መስቀላቸውን ይዘው ገሥግሠው መጡ።

«ልጄ፣ ይህ የቁማር ወረቀት ነው። ሰይጣን የሚገባበት ቤት አይባረክም» አሉኝ።

«ለትምህርት ነው አባቴ» አልኋቸው።

ረዘም አድርገው ገሠጹኝና ወጡ። ከደጅ ደርሰው ዘወር አሉ።

«ለመሆኑ እኔን ስንት አረገኝ?»

«አምስት፣ አባቴ። በአቦ።»

«አምስት...» ጢማቸውን ዳሰሱ። «እንዲያው ሰባት ቢያረገኝ ምን ነበረበት? በሥላሴ!»

ሰይጣኑ የት እንደሄደ እንጃ።

እሳቸው እንኳን ይሻላሉ። የከፋው ፊታውራሪው ነበር። በሕይወት ሳለ አንቱ ብዬዋለሁ፤ አሁን ይበቃዋል። ከጅጋ በኩል ሰፊ መሬት ያለው፣ በቅሎው ላይ ሆኖ ሰላምታ በአገጩ የሚመልስ ሰው ነው። አንድ አሽከር ከፊት ጠመንጃ ተሸክሞ፣ አንድ አሽከር ከኋላ ጃንጥላ ይዞ ካልሄዱ ከደጁ አይወጣም። ባሌም ሁለቱን አሽከሮች አይቶ የጥቁር አበባ ሁለት አድርጎታል። እንዲያውም ክብር ነው፤ አሽከሮቹን ቆጥሮለታል። ፊታውራሪው የሰማው ግን ሁለት የምትለዋን ብቻ ነው። ከሁለት በታች ደግሞ ካርታ እንደሌለ ማን እንደነገረው አላውቅም። አሽከሩን ልኮ ባሌን አስጠራው። ባሌ ጋቢውን አደግድጎ ሄደ፤ እንዳደገደገም ተመለሰ።

«ነገርኸው? የአሽከሮቹን ነገር?» አልሁት።

«ምኑን ልንገራቸው! ንጉሥ አድርጌዎታለሁ፣ የጥቁር አበባ ንጉሥ ነዎት አልኋቸው።»

«ታዲያ ቀየርኸው?»

«እንዴት አድርጌ? አንዴ ገብቶ ተቀምጧል፣ አልወጣልኝም።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኔም ያን ጊዜ፣ ራሱ ውስጥ ማን ገብቶ ያያል፣ ሁለቱን በልቡ ይያዝ፣ ንጉሡን በአፉ ይስጠው ብዬ ተጽናናሁ። ፊታውራሪው በበኩሉ መንገሡን በሦስት ገበያ አስነገረ።

የበዓሉ ቀን ትምህርት ቤቱ ግቢ ዳስ ተጣለ። ወንበሩ ለሹማምንቱ፣ አግዳሚው ለካህናቱ፣ መሬቱ ለተረፈው ሆነ። ፊታውራሪው ከፊት መካከል ተቀመጠ፤ ሁለቱ አሽከሮች ግራና ቀኝ ቆሙ። ኢንስፔክተሩ ካርታውን በወዘና አንድ በአንድ አሳየው። ከዚያ መልሶ ሰበሰበውና «ጀምር» አለው። ባሌ ዐይኑን ጨፍኖ ጀመረ።

እንዲህ ያለ ጉባኤ ከዚያ ወዲህም አላየሁም። ባሌ የሚጠራው ካርታ ነው፤ ሕዝቡ የሚሰማው ሰው ነው። «የልብ ንግሥት» ሲል ከኋላ እልልታ ተነሣ፤ የጠጅ ቤቷ ባለቤት ብድግ ብላ እጅ ነሣች። «የልብ አምስት» ብሎ ሲያስከትል ዳሱ በሣቅ ሊፈርስ ደረሰ። ቄሱ ከጠጅ ቤት ባለቤት ቀጥለው ቆመዋላ! ጥምጥማቸውን አስተካክለው ወደ ጣሪያው ተመለከቱ። «የጥቁር አበባ ንጉሥ» ሲል ሁሉም ወደ ፊታውራሪው ዞረ፤ እሱም እንደ እውነተኛ ሹመት ራሱን ዝቅ አድርጎ ተቀበለ። ኢንስፔክተሩ ምኑም አልገባውም፤ ካርታውን ብቻ ይገልጣል፤ ሁሉም ልክ ነው። እኔ ከዳሱ ምሰሶ ተጠግቼ ነጠላዬን እጠመዝዛለሁ። ግማሹ አለፈ። ወፍጮ ቤቱ፣ ገበያው፣ ቤተ ክርስቲያኑ አለፈ። ሐሳቡ ወደ ወንዙ እየወረደ እንደሆነ አውቄ፣ በልቤ የአዲስ አበባ ጓዜን እሸክፍ ጀመር።

ጥቂት ካርታ ሲቀረው መጥራቱን አቆመ።

ዐይኑን ገለጠ። ካርታው የጠፋበት ሰው ዐይኑን አይገልጥም፤ አጥብቆ ይጨፍናል እንጂ። ያየው የፊቱን ወንበር ነው። ስንት ማታ ካርታ የገለጥሁ ነኝና፣ ያልተጠራችዋ የትኛዋ እንደሆነች ወዲያው ገባኝ። ከኋላ ያሉትም ሳይገባቸው አልቀረም። የፊታውራሪውን የቀድሞ ቁጥር ያልረሱ ጎረምሶች አፋቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ፊታውራሪው ደግሞ ባሌን ትክ ብሎ ያየዋል። ሁለት በላት፣ በላት፣ የወንድ ልጅ እንደሆንህ በላት እላለሁ በልቤ። ሁለት ለማለት ምን ያህል ትንፋሽ ይፈጃል?

«የጥቁር አበባ ንጉሥ» አለ ባሌ።

ኢንስፔክተሩ ካርታውን ገልጦ ራሱን ነቀነቀ። «ንጉሡን ቀድመህ ጠርተኸዋል። ይህች ሁለት ናት።»

«ተምታታብኝ፣ ጌታዬ።»

ዳሱ ሣቀ። የቀሩትን ሁሉ በልኩ ጠራቸው፤ ማን ይስማው! ኢንስፔክተሩ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ፣ ጎበዝ ነህ፣ ግን አንዲት ሳትስት ተባብለናል አለው። ዕድሉ ለሌላ ከተማ አስተማሪ ሄደ። የኔ የማታ ትምህርትም አብሮ ሄደ።

ቤት ገብተን እስኪቀመጥ አልጠበቅሁም።

«አልታየህም?»

«ታየኝ። ድልድዩ ላይ ከነአሽከሮቻቸው ቆመዋል።»

«ታዲያ ምን ዘጋህ?»

እንደ አላዋቂ ልጅ አየኝ። «ፊት ለፊቴ ተቀምጠው፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እየሰማ፣ ሁለት ብዬ ልጥራቸው?»

ይህን ሲል አላፈረም፤ ያናደደኝ እኮ ይኸ ነው። ጨዋነት ሠርቶ የመጣ ሰው ነበር የሚመስለው። ሃምሳ ሁለት ሰው በራሱ ተሸክሞ አንዱን ሰው ግን መሸከም ያቃተው፣ ይሉኝታ ከእናቱ ጡት ጋር የጠባ ሰው! እራቱን አቀረብሁለትና ጓሮ ወጥቼ አለቀስሁ።

በሳምንቱ ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ፊታውራሪው በበቅሎው መጣ። እንደ ደንቡ ከመንገድ ወጣ ብዬ እጅ ነሣሁ። በቅሎውን ያዝ አደረገ። ምስጋና ሊያቀርብ ይሆን ብዬ ነበር፤ የኔም ነገር!

«አንቺ፣ የዚያ አስተማሪ ሚስት አይደለሽም?» አለ፣ መንገደኛው ሁሉ እንዲሰማ። «አዋቂ ነው አዋቂ ነው ሲሉኝ፣ ሁለትን እንኳ የማይዝ ጭንቅላት ኖሯል! ይኸ ነው ልጆቻችንን የሚያስተምር?»

የፊተኛው አሽከር ሣቀ፤ ቀጥሎ የኋለኛው።

መልሱ አፌ ላይ ነበር። ባሌ የዓመት ትምህርቱን፣ እኔ ትምህርት ቤቴን የከፈልነው ለማን ክብር እንደሆነ በሁለት ቃል ያልቅ ነበር። የቆመውን መንገደኛ አየሁ። ጃንጥላውን አየሁ።

«እውነትዎን ነው፣ ጌታዬ» አልሁት፤ «ይረሳል።»