በአልበርት ስም የሮጥንበት ቅዳሜ

ግብዣው የመጣልን በስሕተት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ቶሮንቶ ውስጥ፣ ከፍሌሚንግደን ፓርክ ፎቆች በታች ባለው ሸለቆ ቅዳሜ ቅዳሜ የምንሰባሰበው እኛ ተራማጆች እንጂ ሯጮች አይደለንም። ሐኪም "ክብደት ቀንሱ" ያለን፣ ስኳር ያስፈራራን፣ ከቤት መውጫ ሰበብ የፈለግን ሰዎች ነን። ጥፋታችን አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ቲሸርት አሠርተን፣ ደረታችንን ነፍተን ፎቶ ተነሥተን ኢንተርኔት ላይ መለጠፋችን ነው። ከሐይቁ ማዶ ያለች የአንዲት ትንሽ ከተማ ሰዎች ያንን ፎቶ አይተው "የኢትዮጵያ ሯጮች በመታሰቢያ ሩጫችን ላይ ቢገኙልን" ብለው ደወሉ። ኢትዮጵያዊ ሁሉ ሲወለድ ጀምሮ የሚሮጥ ይመስላቸዋል። እኛም "ኧረ ተሳስታችኋል" ማለት ሲገባን፣ ኩራት ያዘንና "በደስታ!" አልን።

ሩጫው የሚደረገው በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ካናዳ በመርከብ ወደ ባሕር ማዶ፣ ወደ ኦሊምፒክ ለላከቻቸው አትሌቶች መታሰቢያ ነው። እያንዳንዱ ቡድን አራት ሰው አለው፤ ከነዚያ የጥንት አትሌቶች የአንዱን ስም ደረቱ ላይ ለጥፎ በዱላ ቅብብል ይሮጣል። ለእኛ የደረሰን አልበርት የሚባል የማራቶን ሯጭ ነበር፤ የዚያችው ከተማ ልጅ። የገዛ ልጃቸውን ስም ለእኛ የሰጡን እንድናሸንፍላቸው መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው። ሦስት ሳምንት ተለማመድን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለውን እያወቅን ማለት ነው።

ጠዋት፣ ዳንፎርዝ

የተቀጣጠርነው ዳንፎርዝ መንገድ ላይ ካለው ከሮማን የቅመም ሱቅ በር ላይ ነው። ሮማን ጓደኛዬ ናት፤ ቫኑም የእሷ ነው። ስደርስ ደረጃው ላይ ተቀምጣ በሶ ትጠጣለች። ከጎኗ የእህቷ ልጅ ዳንኤል ተቀምጧል። ዳንኤል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፣ ኳስ ይጫወታል፤ ከአራታችን መሮጥ የሚችል ወጣት ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

አራተኛችን ጋሽ ተክሌ ከሴንት ጄምስ ታውን በባቡር መጡ። ድሮ ወታደር ነበሩ፤ ወደ ሰባ እየተጠጉ ነው። ከሩቅ ሲታዩ ሦስታችንም ከደረጃው ተነሣን።

"ኖር፣ ጋሼ!"

"በእግዜር፣ በእግዜር! ቁጭ በሉ ልጆቼ። እግራችሁን ለሩጫው ቆጥቡት እንጂ።"

እዚህ ያደገው ዳንኤል "ኖር"ን የሚላት ጎል እንደገባለት ሰው እየጮኸ ነው። ጋሽ ተክሌ በዚህ ሁሌ ይስቃሉ።

"በሶ ብቻ ነው የጠጣችሁት?" ብለው ጠየቁ።

"በሶ ብቻ" አለች ሮማን። ከንፈሯ ግን በቅቤ ያብረቀርቃል። ጨጨብሳ በማር በልታ መውጣቷን የነገረችኝ ቫኑ ውስጥ ከገባን በኋላ ነው። "ባዶ ሆድ ይሮጣል እንዴ፣ ትዕግስት?" አለችኝ በሹክሹክታ።

መንገድ ላይ

በሸለቆው አውራ ጎዳና ወርደን፣ ሐይቁን በግራ አድርገን ወደ ምዕራብ ሄድን። ቅዳሜ ስለሆነ መንገዱ ብዙም አልተጨናነቀም። ሚሲሳጋን አለፍን፣ ኦክቪልን አለፍን፤ ከትልቁ ድልድይ አናት ላይ ስንደርስ የሃሚልተን ፋብሪካዎች ጭስ ማውጫዎች ታዩ። ከዚያ በኋላ አገሩ ሌላ ነው። ግራና ቀኙ የወይን ተክልና የኮክ ዛፍ ሆነ። መንገድ ዳር አንድ ገበሬ ኮክ በቅርጫት ይሸጣል፤ አንዱ ቅርጫት ስድስት ዶላር። ሮማን "ሁለት ብወስድስ?" ብላ ተከራከረችው። ሰውየው እንዲህ ያለ ጥያቄ ከተጠየቀ ቆይቶ ነው መሰል፣ ግራ ገብቶት ሦስት ኮክ መረቀላት።

ጋሽ ተክሌ ከፊት ወንበር ላይ ጉልበታቸውን እያሹ ነበር። እኔ በሥራዬ አረጋውያን ቤት ለቤት እየሄድኩ የምንከባከብ ሰው ነኝ፤ ጉልበታቸውን አውቀዋለሁ። ሐኪማቸው "እርምጃ እንጂ ሩጫ አይሞከርም" ብሏቸዋል። ስለዚህ ነገር ፈልጌ አነሣሁ።

"ጋሼ፣ ድሮ የምር ሯጭ ነበሩ አይደል? አሁን ግን ባይሮጡስ? ግማሹን በእርምጃ ቢሄዱት?"

"ለክፍለ ጦራችን እሮጥ ነበር" አሉ። "አንድ ጊዜ ደግሞ ለኦሊምፒክ ተመርጬ ነበር።"

ሮማን መሪውን ልትለቀው ምንም አልቀራት። ስንት ዓመት አብረን ስንራመድ ይህን አንድም ቀን አልነገሩንም።

"እና?"

"እናማ በዚያ ዓመት አገራችን አትሄድም ተባለ። ፖለቲካ ነው። ቱታ ተለክቶልኛል፣ ጫማ ወስጃለሁ። በነጋታው ማንም ሳያዘን ተነሥተን ልምምድ ወጣን። ተሰልፈን፣ አንዱ የሌላውን እግር እየተከተለ፣ ሳንነጋገር ጫካውን ዞርነው። ከዚያ በኋላ ስደት መጣ፣ ዕድሜም መጣ።" ወደ ወይን ተክሉ አዩ። "በአገር ስም ሮጬ የጨረስኩት ውድድር የለም። የዛሬው ስም የካናዳ ነው፤ ይሁን፣ ይቺም አርባ ዓመት ሊጠጋ ያኖረችኝ አገር ናት። ያቺን የመጨረሻ መስመር ልርገጣት። ስንተኛ ወጡ ብላችሁ ግን አትጠይቁኝ።"

ስለ ጉልበት ማንሣቱን ትቼ ኮክ አቀበልኳቸው።

ከተማዋ

ከተማዋ አንድ ዋና መንገድ፣ ቀይ የጡብ ቤቶችና አሁን ሙዚየም የሆነ የድሮ ባቡር ጣቢያ አላት። የተቀበሉን ዶረቲ የሚባሉ ከሰማንያ ያለፉ ሴት ናቸው፤ የአልበርት ወንድም የልጅ ልጅ። ሙዚየሙ ውስጥ ሻይ ሊሰጡን አስቀመጡን። ጋሽ ተክሌ ጫማቸውን ለውጠው ዘግየት ብለው ሲገቡ እንደ ልማዳችን ብድግ አልን። ዶረቲ ደንግጠው "ምን ሆናችሁ?" አሉ።

"ታላቅ ሰው ሲመጣ ተነሥተን 'ኖር' እንላለን" አልኳቸው። "እሳቸው ደግሞ 'በእግዜር' ብለው ያስቀምጡናል።"

"ኖር" አሉ ዶረቲ፣ ቃሉን አፋቸው ውስጥ እያገላበጡ። "ጥሩ ነገር ነው። እዚህ ለዳኛ ካልሆነ ማንም ለማንም አይነሣም።"

ከዚያ ወደ ግድግዳው ወሰዱን። ኦሊምፒክ የሄዱት አትሌቶች መርከብ ላይ ሆነው የተነሡት ፎቶ ተሰቅሏል፤ ሁሉም ደረታቸው ላይ የሜፕል ቅጠል አለ። ከዳር የቆመው ቀጭን፣ ጆሮው ትልልቅ ወጣት አልበርት ነው።

"የጡብ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር" አሉ ዶረቲ። "ከግማሽ በላይ ከመሪዎቹ ጋር ነበር ይባላል። ከዚያ ሙቀቱ ጣለው፤ ከኋላ የሚከተለው ሠረገላ አንሥቶ ወሰደው። ሲመለስ የከተማው ሰው ማርሽ ባንድ ይዞ እዚህ፣ አሁን የቆምንበት ወለል ላይ ጠበቀው። ባቡሩ መጣ፣ አልበርት የለም። ከዚህ ቀደም ብሎ ባለው ጣቢያ ወርዶ፣ በእርሻው ውስጥ ለውስጥ በእግሩ ቤቱ ገባ። አፍሮ ነው። ከዚያ ወዲያ እሱ ባለበት ሩጫ ተነሥቶ አያውቅም።"

ጋሽ ተክሌ ኮፍያቸውን አውልቀው ፎቶውን ብዙ አዩት። ከዚያ በአማርኛ፣ ታናሽ ወንድማቸውን እንደሚቆጣ ሰው፣ "ምን ያሳፍርሃል? ባንዱ የመጣው ላንተ አልነበረም እንዴ?" አሉ።

ዶረቲ ምን እንዳሉ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። "አባቴም እንደዚያ ይል ነበር" ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ሩጫው

ተኩሱ ሲሰማ ዳንኤል እንደ ጥይት ወጣ። የመንገዱ ዳር ሕዝብ "ኢትዮጵያውያኑ! ኢትዮጵያውያኑ!" እያለ ያብዳል። አንደኛ ሆኖ ዱላውን ለሮማን ሰጣት። የእኛ ክብር እዚያ ላይ ቢያበቃ እንዴት ያምር ነበር!

ሁለተኛው መቀባበያ ላይ ቆሜ ስጠብቅ የሌላው ቡድን ሯጭ ሁሉ መጣ፤ ሮማን ግን የለችም። በኋላ አንድ እጇን ጎኗ ላይ፣ አንድ እጇን ሰማይ ላይ አድርጋ ብቅ አለች። "ጨጨብሳው!" ነው ያለችኝ፣ ሌላ ቃል አልወጣትም። ዱላውን ይዤ ሮጥኩ። ሮጥኩ ልበል እንጂ አንዲት እናት ሕፃን በጋሪ እየገፋች፣ ያውም ለልጇ እየዘፈነች አለፈችኝ። አንድ ሽማግሌ ከበረንዳቸው ሆነው "በርቺ፣ ሻምፒዮን!" አሉኝ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ሐፍረቱ አቃጠለኝ፤ ቲሸርቱን ገልብጬ ብለብሰው ሁሉ ተመኘሁ።

ጋሽ ተክሌ መስመሩ ላይ ብቻቸውን ቀርተዋል።

"ጋሼ፣ መጨረሻ ሆነናል። ይተውት በቃ፤ ጉልበትዎን..."

"ትዕግስት፣ ዱላውን።"

ሰጠኋቸው። አረማመዳቸው የማውቀው የቅዳሜው አይደለም። ክርናቸውን ወደ ጎናቸው ሰብስበው፣ በአጭር በአጭሩ፣ ድምፅ ሳያሰሙ ሄዱ። ሯጮችን በሚያመላልሰው አውቶቡስ ቀድሞኝ የደረሰው ዳንኤልም ተከተላቸው። እኔንና ሮማንን አውቶቡስ ወደ ማብቂያው ወሰደን።

ማብቂያው ሐይቁ ዳር ያለ መናፈሻ ነው። ሰው ሁሉ ጨርሶ ታጣፊ ወንበሮች ላይ ተቀምጦ የተጠበሰ ቋሊማ ይበላል። ሽልማት ተሰጠ። ጋሼ አልመጡም። አንድ ሰው የማብቂያውን ሪባን ሊጠቀልል ሲነሣ ሮጬ እጁን ያዝኩት፤ ሩጫው ላይ ያጣሁት ፍጥነት ያኔ መጣልኝ። "አንድ ሰው ቀርቶናል!" አልኩት። ተመልሼ ዶረቲ አጠገብ ተቀመጥኩ። ወድቀው ቢሆንስ እያልኩ መታጠፊያውን መላልሼ አየሁ። ያን ጊዜ ዳንኤል ኮል አደረገልኝ።

"መኪና መጥቶ ነበር" አለ እያለከለከ። "'ይግቡ፣ እኛ እናድርስዎ' አሏቸው ጋሼን።"

"ገቡ?"

"ኖ ዌይ! 'አልበርትን ወሰዳችሁት፣ እኔን ግን አትወስዱኝም' አሏቸው። በአማርኛ ነው ያሏቸው፣ ግን ገብቷቸዋል። አሁን ከኋላችን ስሎው እያደረጉ ይነዳሉ።"

"አንተስ የት ነህ?"

"ከኋላቸው። 'እንዳትቀድመኝ፣ እግሬን ተከተል' ብለውኛል።"

ብዙም ሳይቆይ መታጠፊያው ላይ ታዩ። ቀኝ እግራቸውን እየጎተቱ ነው፤ አንገታቸው ግን ቀጥ ብሏል። ከኋላቸው ዳንኤል እሳቸው የረገጡትን እየረገጠ ይመጣል። ከእሱ ኋላ ደግሞ መብራቱን የሚያብለጨልጨው መኪና። ምን እንዳስነሣኝ አላውቅም፣ ከወንበሬ ብድግ አልኩ።

"ኖር!"

ሮማን ቋሊማዋን እንደያዘች ተነሣች። "ኖር፣ ጋሼ!"

ዶረቲ ምርኩዛቸውን ተክለው፣ ሁለት ጊዜ ሞክረው ቆሙ። በዚያ ቀጭን ድምፃቸው "ኖር!" አሉ። የከተማው ሰው ዶረቲ ቆመው ሲያይ ረድፍ በረድፍ መነሣት ጀመረ። ወንበር ተንኳኳ፣ ሳህን ተቀመጠ፣ ሙዚቃው ቆመ። ቃሉን የማያውቁትም ጭምር እንደ አፋቸው "ኖር! ኖር!" አሉ። ጋሽ ተክሌ ከኋላቸው ትልቅ ሰው የመጣ መስሏቸው ዞር ብለው አዩ። ከዳንኤል በቀር ማንም የለም።

መስመሩ ላይ ሁለት እግራቸውን ገጥመው ቆሙ። ደረታቸው ይወጣል ይገባል።

"በእግዜር" አሉ። "በእግዜር... ተቀመጡ።"

የተቀመጠ የለም። እኔ አለቀስኩ፤ ሮማንም አለቀሰች፣ ብትጠየቅ ትክዳለች እንጂ። ዶረቲ ቀረብ ብለው ጋሼ ደረት ላይ ያለውን ስም በመዳፋቸው ነኩትና "እንኳን ለቤትህ አበቃህ" አሉ። ለማን እንዳሉ ሁላችንም ገብቶናል።

መልስ

ስንሰናበት "ለከርሞም ኑልን" አሉን፤ አሁን ምን ዓይነት ሯጮች እንደሆንን በዓይናቸው ካዩ በኋላ ማለት ነው። መንገዱን በሙሉ የጋሼን ጉልበት በበረዶ ከረጢት ይዤ እየተቆጣሁ፣ እሳቸው ኮክ እየበሉ ተመለስን። ሮማን ሩጫ በቃኝ ብላ ማለች። ዳንኤል ደግሞ እግር ተከትሎ መሮጥ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለጓደኞቹ ሊያወራ ቸኩሏል።

ቶሮንቶ ውስጥ ኢትዮጵያዊት መሆኔን የሰማ ሁሉ "አህ፣ ሯጮቹ!" ይለኛል፣ እኔም እኮራለሁ። እስከዚያ ቅዳሜ ድረስ ስኮራ የኖርኩት በሰው እግር ነበር። ያን ቀን ግን ጋሪ በምትገፋ እናት በተቀደመው በገዛ እግሬና ማንም በማይጠብቃቸው ሰዓት በደረሱት በጋሽ ተክሌ እግር ኮራሁ። ከመቶ ዓመት በፊት ባንዱን ፈርቶ በእርሻ ውስጥ ለገባው ልጅም እንደ ወንድሜ ኮራሁለት።

ሴንት ጄምስ ታውን ስንደርስ መሽቷል። ጋሽ ተክሌ የፎቃቸው በር ላይ እያነከሱ ሲወርዱ፣ ሳንነጋገር ሦስታችንም ከቫኑ ወርደን ቆምን። አፋችንን ስንከፍት እጃቸውን አነሡ።

"ግቡ፣ ግቡ ልጆቼ፤ የዛሬው ኖር ለሁለት ሰው ይበቃል" አሉና በሩን በትከሻቸው ገፍተው ገቡ።